ድምሩን ከማንበባችሁ በፊት ክፈቱት፦ ለምርምር ምዘናና ማዕረግ ዕድገት ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የልብና የደም ሥር ሕክምና ተመራማሪዎችን በጥቅስ ድምርና በኤች-ኢንዴክስ ብቻ የሚመዝነው ደንብ እንዲከለስ ስለመጠየቅ

ለተከበራችሁ የምርምር ምዘናና የማዕረግ ዕድገት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችና የኮሚቴ አባላት፣

አዲሱ የምዘና ደንባችሁ ሥራ ላይ ውሏል። በደንቡ መሠረት በልብና የደም ሥር ሕክምና ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት የሚያመለክት ሰው ከአንድ የመረጃ ቋት የተወሰደ 20 ኤች-ኢንዴክስ (በሚገባ የተጠቀሱ ጽሑፎቹን ብዛት የሚያሳይ፣ ከታች የምናብራራው ቁጥር) ከሌለው ማኅደሩ ለኮሚቴው አይቀርብም። ከቀረበለትም ነጥቡ የሚሰጠው በጠቅላላ የጥቅስ ብዛቱና ባሳተመባቸው ጆርናሎች ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ አማካይ የጥቅስ መጠን) ነው። ስሙ በጸሐፊነት ከሰፈረ፣ አንደኛም ይሁን ሦስት መቶኛ፣ እኩል ይቆጠርለታል። ለአርታዒ የተላከ አጭር የጥናት ደብዳቤና የትራያል፣ ማለትም በሕሙማን ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ፣ ፕሮቶኮል (የሥራ ዕቅድ) ደግሞ ዜሮ ናቸው።

መቆጠርን አንጠላም። ከፈራሚዎቹ መካከል የጥቅስ መረጃ ማጣራት የዕለት ሥራቸው የሆነ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አሉ። ቁጥር ከጠፋ ምዘናው ወደ ትውውቅና ወደ ዝና እንደሚመለስም እናውቃለን። ቅሬታችን በልብ ሕክምና ጥቅስ የሚጠራቀምበትን መንገድ ደንቡ ሳያይ ድምሩን ብቻ አንብቦ መወሰኑ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሒሳብ እንጀምር። ቀጥሎ ያለው የማንም ሰው ማኅደር አይደለም፤ ስሌቱ እንዲታይ ያዘጋጀነው ማሳያ ነው። አንድ አመልካች 140 ጽሑፍ፣ 21,000 ጥቅስና 45 ኤች-ኢንዴክስ ይዞ መጣ እንበል። በደንባችሁ ነጥቡ ሙሉ ነው። ጽሑፎቹን በየዓይነታቸው ስንለያቸው ግን ሌላ ነገር ይወጣል። ከአዘጋጅ ቡድኑ አባላት አንዱ የሆነባቸው 2 ጋይድላይኖች (የሕክምና መመሪያዎች) 9,000 ጥቅስ አምጥተዋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች የፈረሙባቸው 9 ዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናቶች 7,500፣ 4 የዳሰሳ ጽሑፎች 900፣ የቀሩት 125 ጽሑፎች በሙሉ 3,600። የመጀመሪያዎቹን 11 ለብቻ ብናስቀምጣቸው ከ21,000 ውስጥ የሚተርፈው 4,500 ነው። ኤች-ኢንዴክሱ ግን 11 ጽሑፍ ሲወጣበት ቢበዛ በ11 ይወርዳል፤ ከ34 በታች አይሆንም። ድምሩ ከአምስት እጅ አራቱን ሊያጣ ሲቃረብ ኤች-ኢንዴክሱ ሩቡን እንኳ አላጣም። ደንቡ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሁለት መለኪያዎች ስለ አንድ ሰው እንዲህ ይለያያሉ።

አሁን ሁለተኛውን አመልካች እንይ፤ እሱም ማሳያ ነው። ያለው 22 ጽሑፍ ብቻ ነው። ሦስቱ ራሱ የመራቸው፣ ብዙ ሆስፒታሎችን ያቀፉ ክሊኒካል ትራያሎች ሲሆኑ 2,600፣ 1,400 እና 800 ጊዜ ተጠቅሰዋል። የቀሩት 19 በድምሩ 500 ጊዜ። ጠቅላላው 5,300፣ ኤች-ኢንዴክሱ 15። ጋይድላይኑና የበሽታ ጫናው ከወጣለት በኋላ ለመጀመሪያው አመልካች ከቀረው 4,500 ይበልጣል። ነገር ግን 20 አልሞላምና ከበር ይመለሳል፤ ኮሚቴው ስሙን እንኳ አይሰማም።

ይህ የሚሆነው ኤች-ኢንዴክስ ስለሚሠራበት መንገድ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ኸርሽ በ2005 ሲያቀርበው ትርጉሙ ቀላል ነበር፦ ኤች ያህል ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ኤች ጊዜ ከተጠቀሱ ቁጥሩ ኤች ነው። ስለዚህ ከጽሑፍ ብዛት መብለጥ አይችልም። 2,600 ጊዜ የተጠቀሰ ትራያልና 16 ጊዜ የተጠቀሰ የአንድ ሕመምተኛ ሪፖርት፣ የሰውየው ኤች-ኢንዴክስ 15 ከሆነ፣ እኩል አንድ አንድ ጠጠር ናቸው። ቁጥሩ ወደ ታች አይወርድም፤ ሰው ምርምር ቢያቆም፣ ቢሞትም እንኳ ይጨምራል። ኸርሽ ራሱ በዚያው ጽሑፉ አንድ ቁጥር የሰውን ሁለገብ ሥራ ከግርድፍ ግምት አልፎ ሊያሳይ እንደማይችል ጽፏል። ቨርነር ፎርስማን በ1929 በገዛ ክንዱ ካቴተር አስገብቶ እስከ ልቡ አደረሰና በኤክስሬይ አሳየ፤ ከዚያ ወደ ዩሮሎጂ ዞረ። ኖቤል የተሸለመው በ1956 ነው። በእናንተ ደንብ ማኅደሩ ለኮሚቴ አይቀርብም ነበር።

ትራያል የሚመራ ሰው ለምን ጥቂት ይጽፋል የሚለው ጥያቄ መልሱ ስንፍና አይደለም። ፕሮቶኮል ይጻፋል፤ በየሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያልፋል፤ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ በፊት በሕዝብ መዝገብ ይመዘገባል፤ ከ2005 ጀምሮ የዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አርታዒዎች ኮሚቴ ያልተመዘገበ ትራያል አናትምም ብሏል። ከዚያ ሕሙማን ይመለመላሉ፣ ይከተላሉ፤ ያጋጠመው ሞትና ስትሮክ ሁሉ የማንኛው ቡድን መሆኑን በማያውቁ ሐኪሞች ይጣራል፤ መረጃው ይቆለፋል፤ በመጨረሻ አንድ ዋና ጽሑፍ ይወጣል። ያንን አንድ ጽሑፍ ለነጥብ ሲባል ስምንት ቦታ መቆራረጥ ይቻላል፤ የሚያደርጉትም አሉ። ደንባችሁ የሚሸልመው እነሱን ነው።

ወደ ጋይድላይኑ እንመለስ፤ ትልቁ እብጠት ያለው እዚያ ነው። የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር በ2016 ያወጣው የልብ ድካም ጋይድላይን የልብ የመግፋት አቅማቸው ከ40 እስከ 49 በመቶ የሆነ ሕሙማንን ለብቻ ከፍሎ ስም ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ሕሙማንን በዚህ ክፍል የመደቡ ብዙ ጥናቶች ትርጉሙን ከየት እንዳመጡ ለማሳየት ያንን ሰነድ ጠቅሰዋል። አጠቃቀሱ ትክክል ነው። ጥቅሱ የሚናገረው ግን ሰነዱ የጋራ ቋንቋ መሆኑን እንጂ ከአዘጋጆቹ አንዱ ምን አዲስ ነገር እንዳገኘ አይደለም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በየዓመቱ በሰርኩሌሽን የሚያወጣው የልብ ሕመምና የስትሮክ አኃዛዊ ዘገባም እንዲሁ ነው። የልብ ሕመም ቀዳሚ የሞት መንስኤ ነው ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሁሉ (በእኛ መስክ የማይጀምረው ስንቱ ነው?) ለዚያች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የሚያስቀምጠው ጥቅስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ሁለቱንም ቀርባችሁ እንድታዩአቸው እንፈልጋለን።

አንደኛው ድርብ ኅትመት ነው። ያው የ2016ቱ ጋይድላይን በዩሮፒያን ኸርት ጆርናልም በዩሮፒያን ጆርናል ኦፍ ኸርት ፌይለርም ታትሟል። በ2015 የወጣው፣ የልብ ክፍሎች በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንዴት እንደሚለኩ የሚደነግገው የአሜሪካና የአውሮፓ ማኅበራት የጋራ ሰነድም በሁለት ጆርናሎች ነው የወጣው። ርዕሱ አንድ፣ ጽሑፉ አንድ፣ የዲኦአይ ቁጥሩ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ) ግን ሁለት። የመረጃ ቋቱ ሁለቱን ካላዋሃደ በአመልካቹ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፍ ሆነው ይታያሉ፣ ለኤች-ኢንዴክሱም ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ የጽሑፎቹን ዝርዝር በኤክሴል አውርዶ በርዕስ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። መንታዎቹ ጎን ለጎን ይመጣሉ።

ሁለተኛው የስም ተራ ነው። በሕክምና ጽሑፍ የመጨረሻው ስም ብዙውን ጊዜ ሥራውን የመራው ሰው ነው ይባላል። በጆን አዮኒዲስና ባልደረቦቹ ከስኮፐስ የጥቅስ መረጃ ቋት የሚዘጋጀው፣ በሰፊው «የስታንፎርድ 2 በመቶ» የሚባለው አብዝተው የሚጠቀሱ ተመራማሪዎች ዝርዝርም በከፊል በዚህ ላይ ይቆማል፤ ለብቸኛ፣ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጸሐፊነት የተገኘ ጥቅስን ለብቻ ይቆጥራል። ከእናንተ እኩል ለሁሉም ደንብ ይሻላል፣ አንክድም። ነገር ግን በዚያ በ2016 ጋይድላይን ላይ ከሁለቱ ሰብሳቢዎች በኋላ ያሉት ስሞች የተደረደሩት በፊደል ተራ ነው። መጨረሻ የመጣው ሰው መጨረሻ የመጣው ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ወደ ኋላ ስለሚውል ብቻ ነው። ስለዚህ ጋይድላይንን ከተራ ምርምር ጋር በአንድ ዓምድ አስገብቶ የሚሠራ ቀመር ሁሉ፣ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ የፊደል ተራን እንደ አመራር ይተረጉማል።

ጋይድላይን መጻፍ ዋጋ የለውም እያልን አይደለም። አድካሚ የሙያ አገልግሎት ነው፤ በአገልግሎት ዓምድ ይመዝገብ።

እንደ ዕቃ የሚጠቀሱ ጽሑፎችም አሉ። በ1972 ፍሪድዋልድና ባልደረቦቹ ኤልዲኤል ኮሌስትሮልን ያለ ልዩ መሣሪያ ለማስላት ያቀረቡት ቀመር፣ ማለትም ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ መቀነስ፣ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። አንባቢው ዘዴውን ተጠቀመ ማለት ነው። ይህ ዓይነቱ ጥቅስ ከጋይድላይኑ ይልቅ ለሰውየው የቀረበ ነው፤ ዘዴውን የፈጠረው እሱ ነውና።

የትብብር ጥናቶች ጉዳይ ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። በ1988 በላንሴት የወጣው አይሲስ-2 በ417 ሆስፒታሎች 17,187 ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ኸርት አታክ) የተጠረጠረባቸውን ሕሙማን አካትቶ አስፕሪንና ስትሬፕቶካይኔዝ ሞትን እንደሚቀንሱ አሳየ። በጸሐፊ ቦታ የሰፈረው የሰው ስም ሳይሆን የትብብር ቡድኑ ስም ነው። እንዲህ ባለ ጥናት ውስጥ ሌሊት ሕሙማን የመለመለ ሐኪም ስሙ ያለው በአባሪው ነው። የሕክምና ጽሑፎች ማውጫው ፐብሜድ እንዲህ ያሉ ስሞችን ከጸሐፊዎች ለይቶ «ኮላቦሬተርስ» በሚል መስመር ያኖራቸዋል፤ በደንባችሁ የተመረጠው የመረጃ ቋት ግን ለጸሐፊ እንጂ ለእነዚህ ጥቅስ አያድልም። አንድ ጣቢያ ላይ ለዓመታት የሠራ አስተባባሪ ዜሮ ያገኛል። የሌላ ትልቅ ትብብር መረጃ ልኮ ረቂቁን በኢሜይል ያጸደቀ ሰው በሺዎች ያገኛል።

መፍትሔው አዲስ ነገር መፍጠር አይጠይቅም። የአርታዒዎቹ ኮሚቴ ለጸሐፊነት አራት መስፈርት አስቀምጧል፤ በሥራው ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ፣ መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ማጽደቅና ለሁሉም ተጠያቂ መሆን፤ አራቱም በአንድነት። ክሬዲት የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ድርሻን በ14 ሚናዎች ይከፍላል፤ ብዙ ጆርናሎች በጽሑፉ መጨረሻ ያትሙታል። አመልካቹን «ከ14ቱ የትኞቹን ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የታተመውን መስመር አይቶ ማረጋገጥም ይቻላል።

በጣም ያስቆጣን ግን የበሽታው ዓይነት የሰውን ማዕረግ መወሰኑ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመምን የሚያጠና ሰውና የኮሮናሪ ስቴንትን (የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የሚያጠና ሰው በአንድ የ20 መስመር ይለካሉ። ኢንቪክተስ የተባለው ትራያል በ24 አገሮች የተካሄደ ሲሆን ትንተናው 4,531 ሕሙማንን ይዟል፤ ውጤቱ በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጣ። የሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ ምት መዛባት) ላለባቸው ሰዎች የደም መርጋትን የሚከላከለው ሪቫሮክሳባን ለዚያው ከሚሰጠው ከዋርፋሪን ቤተሰብ ይሻላል ወይም አይከፋም ተብሎ ሲጠበቅ፣ በዋርፋሪኑ ወገን ሞት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2014 የወጣው ኢምፒ የተባለ ትራያልም አለ፤ የልብ ሽፋን ቲቢ ባለባቸው 1,400 የአፍሪካ ሕሙማን ላይ ፕሬድኒሶሎን ዋናውን ጥምር ውጤት እንደማይቀይር፣ የልብ ሽፋን ተጣብቆ መጨማደድን ግን እንደሚቀንስ አሳየ። ሁለቱም ሐኪም በማግስቱ የሚጽፈውን ማዘዣ የሚነኩ ናቸው። የሚጠቅሳቸው ግን ስለነዚህ ሕመሞች የሚጽፍ ሰው ነው፤ ያ ሰው ስለ ስቴንት ከሚጽፈው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጥቅስ የሚቆጥረው የጻፉትን እንጂ የታመሙትን አይደለም።

«በመስክ እናስተካክላለን» የሚል መልስ ከጽሕፈት ቤቱ በቃል ተሰጥቶናል። የትኛው መስክ? በዌብ ኦፍ ሳይንስ የመረጃ ቋት ሩማቲኩም ስቴንቱም የሚወድቁት የልብና የደም ሥር ሥርዓት በሚለው አንድ ምድብ ነው። ምድቡ የሚሰጠውም በአብዛኛው ለጆርናሉ ስለሆነ፣ ኢንቪክተስን የመሰለ ጽሑፍ በአጠቃላይ ሕክምና ጆርናል ከወጣ ከልብ ጽሑፎች ጋር ሳይሆን ከአጠቃላይ ሕክምና ጋር ይነጻጸራል። የተሻለው አንጻራዊ የጥቅስ ምጣኔ የሚባለው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በነጻ በሚሰጡት አይሳይት በተባለ ድረ ገጽ ላይ የፐብሜድ ቁጥሮችን ለጥፎ ማውጣት ይቻላል። የእያንዳንዱን ጽሑፍ መስክ የሚወስነው አብረውት በሚጠቀሱት ጽሑፎች ነው፤ ስለዚህ ሩማቲኩን ከሩማቲክ ጎረቤቶቹ ጋር ያስተያየዋል። በክሊኒካዊ ጽሑፎች መጠቀሱንም ለይቶ ያሳያል። ጉድለት አለው፤ ከፐብሜድ ውጪ ያለውን አያይም። ቢሆንም በአንድ የ20 መስመር ሁሉን ከማጨድ ይሻላል።

ቀጥሎ የተሰረዙ ጽሑፎች። በ2018 ሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትና ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ከአንድ የልብ ስቴም ሴል ላቦራቶሪ የወጡ 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ለጆርናሎች አሳወቁ። ላቦራቶሪው ለዓመታት በመስኩ አብዝተው ከሚጠቀሱት አንዱ ነበር። በሰኔ 2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል በልብ ሕመም፣ በመድኃኒትና በኮቪድ-19 ላይ ከአንድ ወር በፊት ያወጣውን ጥናት ሰረዘ፤ ጸሐፊዎቹ ጥሬ መረጃውን ማየት አልቻሉም ነበር። ከተሰረዘም በኋላ መጠቀሱ አልቆመም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) ስለመስጠት ጋይድላይኖች ሲመረኮዙባቸው የነበሩ ጥናቶችም ተዓማኒነታቸውን አጡ፤ እነሱን አውጥቶ የቀሩትን ያጠቃለለ በ2014 የወጣ ትንተና ቤታ ብሎከር መጀመር የ30 ቀን ሞትን በ27 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። ለማስተባበል የጠቀሰም፣ አምኖ የጠቀሰም፣ ሳያነብ የገለበጠም በቁጥራችሁ አንድ ናቸው።

ሆኖም ስረዛን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየትም ስሕተት ነው። የሜዲትራኒያን አመጋገብን ያጠናው ፕሬዲሜድ በ2013 ወጣ። አንዳንድ ተሳታፊዎች በዕጣ እንዳልተመደቡ፣ ለምሳሌ የአንድ ቤት ሰዎች ተከትለው አንድ ቡድን እንደገቡ፣ ሲታወቅ ጸሐፊዎቹ በ2018 ጽሑፉን ስበው መረጃውን እንደገና ተንትነው አሳተሙት። ይህ ሐቀኝነት ነው፤ ሊያስቀጣ አይገባም። ለቆጣሪው ግን ሁለት መዝገብ፣ ሁለት ዲኦአይ፣ የተከፈለ ጥቅስ አለ። የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚመዘግበው የሪትራክሽን ዎች መረጃ ከ2023 ጀምሮ የዲኦአይ ቁጥሮችን በሚመዘግበው በክሮስሬፍ በኩል ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ የአመልካቹን የዲኦአይ ዝርዝር ከዚያ ጋር ማመሳከር አያስቸግርም፤ የስረዛውን ምክንያት ማንበብ ግን የሰው ሥራ ነው።

ኢምፓክት ፋክተርን በአጭሩ እንለፈው፤ ብዙ ተብሎበታል። የአንድ ዓመት ኢምፓክት ፋክተር ማለት ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣው ነገር በዚያ ዓመት የተጠቀሰበት ብዛት፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለወጡት የምርምርና የዳሰሳ ጽሑፎች ቁጥር ሲካፈል ነው። ከላይ ለደብዳቤዎች የመጣ ጥቅስም ይገባል፣ ከታች ደብዳቤዎቹ አይቆጠሩም። አማካዩን የሚጎትቱት ጥቂት ጽሑፎች ናቸው፤ እነዚያ ጥቂቶች ደግሞ በልብ ጆርናል ብዙ ጊዜ ጋይድላይኖች ናቸው። እናንተ ዜሮ የሰጣችሁትን ደብዳቤ በተመለከተ፦ አንድሬያስ ግሩንትሲግ የጠበበ የልብ ደም ሥርን በፊኛ ያሰፋባቸውን የመጀመሪያ ሕሙማን ለዓለም ያሳወቀው በ1978 በላንሴት በወጣ አጭር ደብዳቤ ነው።

ስለ መረጃ ቋቶቹም አንድ ነገር። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍና ገና ያልተገመገመ ረቂቅ ሳይቀር ስለሚቆጥር ከስኮፐስና ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። በአንድ ሰው ላይ ሦስት የተለያየ ኤች-ኢንዴክስ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ማጭበርበር አይደለም። የቤተሰብ ስም የሌላቸው፣ የአባት ስም የሚከተላቸው ጸሐፊዎች ደግሞ አንዱ ጆርናል ስማቸውን በአንድ ተራ፣ ሌላው በሌላ ተራ ስለሚጽፈው ገጻቸው ሁለትና ሦስት ቦታ ይከፈላል። አሥራ ሁለትና ዘጠኝ የሆነ የተከፈለ ገጽ ሲዋሃድ ከ20 በላይ ላይሆን ይችላል፤ ኤች-ኢንዴክስ አይደመርምና። ግን አንድ ላይ መታየት አለበት። አመልካቹ ባለ 16 አኃዝ የኦርኪድ (የተመራማሪ መለያ) ቁጥር ይዞ፣ በስኮፐስ የጸሐፊ ማረሚያ በኩል ገጾቹን አዋህዶ፣ የተወሰደበትን ቀን ጽፎ ያቅርብ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

የ20 ኤች-ኢንዴክስ መግቢያ መስመር ይነሣ። ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው፤ ሌላው ቢዘገይ እንኳ ይህ ከሚቀጥለው የማመልከቻ ዙር በፊት ይፈጸም።

ጥቅስ በአንድ ድምር መቅረቡ ቀርቶ በአራት ረድፍ ይቅረብ፦ አመልካቹ የመራው ወይም በዋናነት የሠራው ምርምር፣ የትብብር ጥናት፣ ጋይድላይንና የማኅበራት መግለጫ፣ የዳሰሳና የዘዴ ጽሑፍ። በየረድፉ የጽሑፍ ብዛት፣ ጥቅስ፣ ራስን መጥቀስ ተለይቶ፣ የአመልካቹ ሚና ይጻፍ። ሠንጠረዡን አመልካቹ ይሙላ፤ ቤተ መጻሕፍቱ መንታ ኅትመትንና ስረዛን አጣርቶ ይፈርምበት።

አመልካቹ አምስት ሥራዎችን ይምረጥና ለእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ ከክሬዲት ሚናዎች የትኞቹን እንደሠራ፣ ውጤቱስ የት እንደደረሰ። ወደ ጋይድላይን ከገባ የምክሩ ቁጥር፣ ክፍሉና የማስረጃ ደረጃው ይገለጽ። ብዙ ትራያሎችን ወይም ጥቅል ትንተናቸውን ይዞ ደረጃ ኤ የቆመ ምክርና በባለሙያዎች ስምምነት ብቻ ደረጃ ሲ የቆመ ምክር እንደሚለያዩ ኮሚቴው ያውቃል። የጥናት ደብዳቤ፣ የታተመ ፕሮቶኮልና በፐብሜድ በኮላቦሬተርነት የሰፈረ ተሳትፎም በዚህ ክፍል መቅረብ ይቻል።

ንጽጽር ካስፈለገ በአንጻራዊ የጥቅስ ምጣኔ ወይም በመስክ ፐርሰንታይል ይሁን። ሁለት ዓመት ያልሞላው ጽሑፍ በጥቅስ አይመዘን። የጆርናል ኢምፓክት ፋክተር ከነጥብ ስሌቱ ይውጣ። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ፣ የጆርናል መለኪያ ሰውን ለመመዘን እንዳይውል ከሚጠይቀው ከ2013ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የምርምር ምዘና ዲክላሬሽን ያለፈ አዲስ ነገር አይደለም።

በመጨረሻም በዚህ ዙር በኤች-ኢንዴክስ ምክንያት ብቻ የተመለሱ የልብና የደም ሥር ሕክምና ማኅደሮች እንደገና ተከፍተው ለኮሚቴ ይቅረቡ፤ ለእያንዳንዱ አመልካችም ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። በማጣራቱ ሥራ ሠንጠረዡን በማዘጋጀትና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በመመደብ ለመርዳት ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር፣

የልብና የደም ሥር ሕክምና ተመራማሪ ሐኪሞች
የክሊኒካል ትራያል ስታቲስቲሺያኖችና የጣቢያ አስተባባሪዎች
የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የጥቅስ መረጃ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ለመምህራን ማኅበር